የሐሙሱ ዳዊት

እናቴ ፊደል የለየችው እኔን ከወለደች በኋላ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገና ጡት አልጣልኩም ነበርና እኔን አዝላ እየሄደች ትማር እንደነበር የሰፈራችን ሰዎች ነግረውኛል። ማንበብ ስትችል ጋዜጣ አላማራትም፣ ተረትም አላማራትም። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው አንድ ዳዊት ገዛች፤ ዕድሜዋን በሙሉ ያነበበችው እሱን ነው። ጣቷን ከቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው አንዱን ፊደል ከሌላው እየለየች ታነባለች። እኔና ታናሽ እህቴ በደሴ ብርድ አንድ ጋቢ ውስጥ ተጠቅልለን፣ እንቅልፋችን ሳይለቀን የምንሰማው የንጋት ድምፅ ይህ ነበር።

ዳዊት ለሚደግም ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ለማያውቅ ግን ልንገር። 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተከፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ይደገማል። እሑድ የነቢያት መኃልይና የሰሎሞን መኃልየ መኃልይ ነው። ዐሥር ዐሥሩ መዝሙር ደግሞ አንድ ንጉሥ ይባላል። እናቴ ንባቧ ቀስ ያለ ስለነበር የዕለቱን ሁሉ አትዘልቀውም፤ ከየዕለቱ የመጨረሻውን አንድ ንጉሥ ብቻ ትደግም ነበር። ለምን ከመጀመሪያው እንደማትነሣ ጠይቄያት አላውቅም። የሐሙሱ የመጨረሻ ንጉሥ ከ101 እስከ 110 ያለው ነው። በመካከሉ 108ኛው አለ። በመጽሐፏ ውስጥ በዚያ መዝሙር ግርጌ ወረቀቱ ጠቁሯል፤ የጧፍ ጥቀርሻ ይሆናል ብዬ አልፌዋለሁ።

ስለ እናቴ ብቻ ብጽፍ ደስ ባለኝ። የዛሬው ነገር ግን እኔ በዚያው ዳዊት ያደረግሁት ነው።

እናቴ ከ2011 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል አልጋ ላይ ነበረች። የምኖረው ደሴ፣ እሷው ቤት ነው፤ የምሠራው ግን ኮምቦልቻ ነው፣ የሂሳብ ሥራ። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ በመካከላቸው ግን የሐረጎ ዳገት አለ። ጠዋት በጉሙ ውስጥ ሹራብ ለብሼ እሳፈርና ኮምቦልቻ ስደርስ አውልቄ በክንዴ እይዘዋለሁ። ማታ ያንኑ ዳገት ወጥቼ ስመለስ እናቴን አጥባለሁ፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል አገላብጣታለሁ፣ አጥሚት አጠጣታለሁ፣ አንሶላዋን አጥቤ አሰጣለሁ። እህቴ አዲስ አበባ ናት። በየወሩ ገንዘብ ትልክ ነበር፤ መድኃኒቱ የተገዛው በእሷ ገንዘብ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጣች። ስትመጣ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ስባ ትቀመጣለች፣ እጇን ይዛ ታጫውታታለች፤ የእናቴም ፊት ያን ሰሞን ይፈታል። እኔ ወጥ እሠራለሁ፣ እንግዳ ስላለ ቡና አፈላለሁ።

ጥር 2013 እናቴ ዐረፈች። የአርባዋ ማግስት፣ ከጎረቤት የተዋስናቸውን ሰሐኖች እየቆጠርን ሳለ እህቴ እንዲህ አለችኝ፤ «ቤቱን ብለሽ ነው እንጂ ለእማዬማ ብለሽ አይደለም የቆየሽው።» ቃሉ ይኸው ነው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። በማግስቱ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር አልተነጋገርንም።

ይህችን እህቴን እኔ ነኝ ያዘልኳት። ስድስት ዓመት እበልጣታለሁ። አንድ ዓመት ለመስከረም 21 እናታችን ሁለታችንንም ይዛ ግሸን ማርያም ወጣች። እሷ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የአምባውን ዳገት ስንጀምር እግሯ ዛለ። እናቴ ስንቁን ተሸክማ ነበርና እኔ አዘልኳት። ከላይ ስንደርስ በጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ ምራቋ አንገቴን አርሶት ነበር። ይህን የምጽፈው የተጣላሁት ከባዕድ ጋር እንዳይመስላችሁ ነው።

ከእናቴ የወረስኩት ሁለት ነገር ነው፤ ዳዊቷንና የመድኃኔዓለም ማኅበሯን። ቤቱን እስከ ዛሬ አልተካፈልነውም። ጸሎቴ የበረታው እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሣለሁ። እናቴ አንድ ንጉሥ የምትደግመውን እኔ የዕለቱን በሙሉ እደግም ነበር፤ ሐሙስ ሦስት ንጉሥ ነው። በሚኒባስ ውስጥ ሐረጎን ስንሻገር የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሌ እላለሁ። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55ቱም ቀን፣ ፍልሰታም እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀምስም። የሂሳብ ሰው ነኝና ሁሉንም በደብተር አሰፍር ነበር፤ ለዳዊቱ አንድ ዓምድ፣ ለስግደቱ አንድ ዓምድ፣ ለጾሙ፣ ለምጽዋቱ። ማታ ማታ ዓምዶቹ ሞልተው ሳይ ልቤ ያርፋል። በመንፈሳዊ ሕይወቴ እያደግሁ እንደሆነ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም። ሰውም ይነግረኝ ነበር። ማኅበርተኞቼ «የእናቷ ልጅ» ይሉኝ ነበር፤ ያን ስሰማ ደግሞ በዚያ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው እንደሌለ ሁሉ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ደብረ ብርሃን የባለቤቴ ዘመዶች ዘንድ አረፍን፤ በአንድ ክፍል ዐሥራ አንድ ሰው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። እህቴ ሦስት መኝታ ክፍል ያለው ቤት አላት። አልደወልኩም። አራት መቶ ኪሎ ሜትር ከሚሆነው መንገድ አብዛኛውን ጨርሼ፣ ልጆቼ ወለል ላይ እየተኙ አልደወልኩላትም። እዚያም ሆኜ ዳዊቴን አላቋረጥኩም። እንዲያውም በደብተሬ ላይ «በስደትም ሳልተው» ብዬ ጽፌያለሁ። ታኅሣሥ ላይ ተመልሰን ቤቱን ስንከፍት ብዙ ነገር ጠፍቶ ነበር፤ የእናቴ ዳዊት ከእኔ ጋር ስለነበር ተረፈ። ያን ጊዜ ይህን ሁሉ እንደ ትጋት ነው የቆጠርኩት።

አሁን ወደ ሐሙስ ልመለስ። በአገራችን «ዳዊት ደገመብኝ» የሚባል ነገር አለ። ሰው በሰው ላይ ዳዊት ከደገመ ያ ሰው አይቀናውም፣ ይታመማል፣ ሥራው ይበላሻል ብለው የሚፈሩ ብዙ ናቸው። እኔ ይህን ሁልጊዜ እንደ አጉል እምነት ነው የማየው። የእግዚአብሔርን ቃል እንደ ድግምት ለሚጠቀም ሰው ሐዘኔታ ነበረኝ። ይሁን እንጂ ሐሙስ ሐሙስ ከሌሎቹ ቀናት ይልቅ ቀልጠፍ ብዬ እንደምነሣ አስተውዬ ነበር። 108ኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠራል። በብዙ መጽሐፍ ቅዱሶች ቁጥሩ 109 ነው፤ «ምስጋናዬን ዝም አትበል» ብሎ የሚጀምረው። በጎ አድርጎ ክፉ የመለሱለት ሰው ልመና ነው። ጠላቱን «ሰይጣንም በቀኙ ይቁም»፣ «ዘመኖቹም ጥቂት ይሁኑ» ይለዋል። በፍቅሬ ፋንታ ጠሉኝ የሚለውን ሳነብ የተቆጠሩ ሰሐኖች ይታዩኛል። ስሟን አልጠራሁም። መጥራት አላስፈለገኝም። መጨረሻው ላይ ያለውን ምስጋና ለሥራ እንዳልዘገይ በጥድፊያ ነው የማልፈው።

በአንድ ጊዜ አልነቃሁም። መጀመሪያ የቆነጠጠኝ የጎረቤታችን ቃል ነው። ሙስሊም እናት ናቸው፤ ከእናቴ ጋር አርባ ዓመት ቡና ተጣጥተዋል። የእናቴ ማኅበር ሲደርስ ለዳቦው ኮባ ቆርጠው የሚያመጡት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ወዳጃ፣ የዱዓ ስብሰባቸውን፣ ሲያደርጉ ደግሞ እናቴ ቡናውን ለቅማ ቆልታ ትልክ ነበር። በ2015 ረመዳኑና ሁዳዴው ገጥመው ነበርና በመጋቢት አንድ ማታ ሁለታችንም ከጾም ወጥተን እሳቸው ዘንድ ቡና ተቀምጠናል። ስለ አንድ ዘመዳቸው ሲያወሩኝ፣ ከወንድሙ ጋር ሳይታረቅ መስጊድ ስለሚመላለስ ሰው፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉ። የሺህ ጊዜ ተረት ነው። ያን ማታ ግን ስኒው በእጄ ላይ ከበደኝ። ቀና ብዬ ሳያቸው እሳቸው ፍሙን እየቆሰቆሱ ነው። «ይቺን በረካዋን ጠጪና ሂጂ፣ ልጄ፤ ነገ መንገደኛ ነሽ» አሉኝ። እኔን ብለው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ የማልፋቸው ቦታዎች ሁሉ ያደናቅፉኝ ጀመር። በቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» ሲል፣ እርስ በርሳችሁ በተቀደሰ ሰላምታ ሰላም ተባባሉ ማለት ነው፣ በግራና በቀኝ ላሉት ሴቶች ጎንበስ እላለሁ። የማላውቃቸው ናቸው፤ አልበደሉኝም፤ ለእነሱ ጎንበስ ማለት ምንም አያስከፍልም። በማኅበራችንም ጽዋው ለተረካቢ ከመሰጠቱ በፊት የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴዋ፣ «የተቀያየመ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተረኛ በነበርኩበት ወር ዝም ብዬ ተረክቤ ነበር። እህቴ ማኅበርተኛ አይደለችማ! እንዲህ ነበር በልቤ ያልኩት። ፈሪሳዊው በሳምንት ሁለት ጊዜ እጾማለሁ ብሎ ሲቆጥር በሉቃስ ወንጌል ሳነበው፣ ረቡዕና ዓርብ የእኔም ደብተር ላይ መሆኑ ታየኝ።

ሚያዝያ 5 ቀን 2015 ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ንጋት ላይ እንደ ልማዴ 108ኛውን ደገምኩ። ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ ካህናቱ በወይንና በወይራ ቅጠል የሕዝቡን እግር ያጥባሉ። ወንጌሉ ከዮሐንስ ነው። ጌታ ከማዕድ ተነሥቶ በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡ ይነበባል፤ ይሁዳም ገና አልወጣም። በወረፋ ቆሜ ሳለሁ ከልጅነቴ የሰንበት ትምህርት የማውቀው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። 108ኛው መዝሙር በይሁዳ ላይ የተነገረ ነው ተብሎ ይተረጎማል። ጴጥሮስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 «ሹመቱን ሌላ ይውሰድ» የሚለውን ከዚሁ መዝሙር ጠቅሶ ነው፣ በይሁዳ ፋንታ ማትያስ የተመረጠው። ታዲያ ያ መዝሙር የተነገረበት ሰው እግሩ የታጠበው በዚያች ሌሊት ነው። መዝሙሩን ከማንም በላይ የሚያውቀው ጌታ ጎንበስ ብሎ አጠበው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ስፈልግ የኖርኩት የይሁዳን ስፍራ ለእህቴ ለመስጠት ነበር። ሰጥቻትም እንኳ፣ በዚያ ስፍራ ለተቀመጠ ሰው የሚደረገው ምን እንደሆነ በፊቴ በውኃ ገንዳ እየታየ ነው። እግሬ ላይ የቀረውን እርጥብ ቅጠል እንኳ ሳላራግፍ ወጣሁ። ቤት ያዘጋጀሁት ጉልባን አልወረደልኝም።

ስለዚህ መዝሙር ብዙ አስቤያለሁ። ቤተ ክርስቲያን ለምን አላስወጣችውም? እርግማን የበዛበት ቃል በአፋችን ላይ በየሳምንቱ እንዲዞር ለምን ተወችው? አሁን የማምነው ይህን ነው። የተበደለ ሰው ቁጣውን የሚወስድበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ዳዊትም ቁጣውን ወደ ሰፈር አላወጣውም፣ ወደ ሰይፉም አልወሰደውም፣ ወደ እግዚአብሔር ነው የወሰደው። «እነርሱ ይራገማሉ፣ አንተ ግን ትባርካለህ» የሚለውም እዚያው መዝሙር ውስጥ ነው። ይህ መልካም ነው። የእኔ ጥፋት ቁጣዬን ወደ ጸሎት ማምጣቴ አልነበረም። አምጥቼ እዚያው አስቀመጥኩት፤ በየሳምንቱ እየሄድኩ በሕይወት መኖሩን አረጋግጬ እመለስ ነበር። በመዝሙሩ ውስጥ «መርገምን ወደደ፣ ወደ እርሱም መጣች» የሚል ቃል አለ። እንደ ውኃ ወደ አንጀቱ፣ እንደ ቅባትም ወደ አጥንቱ ገባች ይላል። ይህን እህቴን አስቤ ነበር የማነበው። አጥንቱ ውስጥ የገባበት ሰው ግን ማን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ያለ ደወል የምታነቃኝ ያቺው መርገም ነበረች።

ከትንሣኤ በኋላ በሁለተኛው ቀን ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ የተማሩት ቦሩ ሜዳ፣ መምህር አካለ ወልድ ባስተማሩበት አገር ነው፤ ዳዊቱን ከነትርጓሜው ያውቁታል። «አባ ይፍቱኝ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሕመሙን፣ ሐረጎን፣ ሰሐኖቹን፣ የእህቴን ቃል፣ 108ኛውን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ «እሷ ያለችሽን ነገርሽኝ። አንቺስ ምን አልሻት?» አሉኝ።

ለእናንተም ከላይ ስጽፍ አልነገርኳችሁም። አሁን ግን ልናገረው። «አንቺ እናትሽን በሐዋላ አስታመሽ በሐዋላ ቀበርሻት» ብያታለሁ። ሰሐኑ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። የተዋስነው ሰሐን ነበር፤ ዋጋውን ለጎረቤት የከፈለችውም እሷ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ታሪክ ለባለቤቴ፣ ለጓደኞቼ፣ ለራሴም ስናገር ከእሷ ቃል እነሣና እዚያው ላይ አቆማለሁ። ሂሳብ ለምሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። ከመዝገቡ አንዱን ገጽ ቀድጄ ሚዛኑ ደረሰ ስል ነበር።

አባ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ስንት ልስገድ?» አልኳቸው።

«ሃምሳው እኮ ነው፤ ስግደት የለም።»

«ልጹምስ?»

«ጾምም የለም።» መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዘዋወሩ። «ሰባት ሐሙስ ዳዊቱን ዝጊው። በምትደግሚበት ሰዓት ለእህትሽ ደውለሽ እንደምን አደርሽ በያት። ሌላ አትጨምሪ። ይቅርታ እንኳ አትበይ፤ አሁን ይቅርታ ብትይ ለመገላገል ነው የምትይው። ስትጠይቅሽ ያን ጊዜ ትናገሪያለሽ።»

እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። ሺህ ስግደት ቢሰጡኝ ይቀለኝ ነበር። ስግደቱን ደብተሬ ላይ የማሰፍርበት ዓምድ አለኝ፤ ለዚህኛው የለኝም።

የመጀመሪያው ሐሙስ ሚያዝያ 12 ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ደወልኩ። አንድ ጊዜ ሳይጮኽ አነሣችው። «ማን ሞተ?» አለችኝ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ መርዶ ነውና አልፈርድባትም። «ማንም አልሞተም። እንደምን አደርሽ ልልሽ ነው» አልኳት። ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ ዘጋችው። ያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ሐረጎን ስሻገር ውዳሴ ማርያሙ ከመካከል ጠፋኝ፤ በልጅነቴ ከሸመደድኩት ወዲህ ጠፍቶኝ አያውቅም። ድምፅዋ ነበር የሚመላለስብኝ። «ማን ሞተ?» ስትል ድምፅዋ ላይ የነበረው ፍርሃት ለእኔ ነው። ለልጆቼ ነው። የምትጠላኝ ሴት እንደዚያ አትደነግጥም።

በሁለተኛው ሐሙስ አላነሣችውም። በሦስተኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ዘጋችው። በአራተኛው ትንሿ ልጇ አነሣችው፤ በእናቴ አርባ ጊዜ ገና አፏን ያልፈታች ልጅ ነበረች። «አክስቴ ነሽ?» አለችኝ። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ በዚያ ቤት ስሜ ይነሣ ኖሯል ማለት ነው። በአምስተኛው እህቴ ራሷ «ለምንድን ነው ሐሙስ ሐሙስ የምትደውይው?» አለችኝ። መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። «ሌላ ቀን ይሻልሻል?» አልኳት። «አይ፣ ሐሙስ ይሁን» አለች።

ስድስተኛው ግንቦት 17 ነበር፣ የዕርገት ዕለት። እንደምን አደርሽ ከማለቴ እንደገና ጠየቀችኝ፤ ለምን ሐሙስ? አባ ስትጠይቅሽ ትናገሪያለሽ ብለውኛል። ነገርኳት። የእማዬን ዳዊት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሣቴን፣ ድምፄ እንዴት ይጠራ እንደነበር።

«ምስጋናዬን ዝም አትበል የሚለውን?» አለችኝ።

«አዎ።»

«በእኔ ላይ?»

«አዎ። የሐዋላውንም ነገር የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።»

ከበስተጀርባዋ የልጆች ሩጫ፣ የሰሐን ድምፅ ይሰማል። «ልጆቹን ትምህርት ቤት ላድርስ» አለችና ዘጋችው። ያን ሳምንት በሙሉ ደብተሬን አልገለጥኩም። ምን እንደማሰፍር አላውቅም ነበር። ማታ ማታ «አቤቱ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መቀጠል ያቅተኛል፣ እዚያው እደግመዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት እንደዚያ ሳምንት አጭር የጸለይኩበት ጊዜ የለም።

ግንቦት 24 ሰባተኛው ሐሙስ ነው። ስደውል እንደምን አደርሽ ሳልላት እሷ ጀመረች።

«እማዬ ያን መዝሙር ስትደግም መጨረሻው ላይ ምን ታደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ታምማ በመጣሁ ጊዜ አጠገቧ ሆኜ አይቻለሁ። እርግማኑን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታልፈዋለች። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ጣቷን እዚያ ታሳርፍና ትቆያለች። በድሃ ቀኝ ቆሟልና የሚለው ላይ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ትለዋለች፤ ከዚያ ቀና ብላ ወደ ጓዳ ታያለች።»

መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ ተዘግቶ ተቀምጧል። መጀመሪያው ላይ በቀኙ የሚቆመው ሰይጣን ነው፤ መጨረሻው ላይ በድሃው ቀኝ የሚቆመው እግዚአብሔር ነው። ሁለት ዓመት በጥድፊያ ያለፍኩት ይህን ነበር።

«እኔ አንድም ቀን አልሰማኋት» አልኳት።

«እንዴት ትሰሚያለሽ» አለችኝ። ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። «አንቺ እኮ ጓዳ ነበርሽ። ሁልጊዜ ጓዳ ነበርሽ።»